አንቱ ያለችኝ ልጄ

ከእስር የወጣሁ ዕለት ሞጣ ስደርስ ልጄ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ወጥታ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችና «እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

ሰው አንቱ ለመባል ስንት ዘመን ይደክማል። እኔ ያለ ድካም አገኘሁት። በእኛ አገር ልጅ ቄስን አንቱ ይላል፣ ጎረቤትን አንቱ ይላል፣ ከሩቅ የመጣን እንግዳ አንቱ ይላል። እናቱን ግን አንቺ ነው የሚላት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና በሩ ላይ ወደቆሙት ሴት ዞረች።

«እማ፣ ውሃ ላምጣላቸው? አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣለሁ።»

እኔ «ላምጣላቸው» ሆንኩ። እሳቸው «እማ» እና «አንቺ» ሆኑ። ያመጣችልኝን ውሃ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ጨዋነቷም አንጀቴን በላው፤ ያስተማርኳት እኔ አልነበርኩማ።

ከቢቸና ብዙም ከማይርቅ ቀበሌ ነኝ። በወሰን ጠብ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የእኔም እጅ አለበት ተብሎ ተፈረደብኝ። ፍርድ ቤቱ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም፤ ቅጣቴንም ጨርሻለሁ። ቢቸና ማረሚያ ቤት ስገባ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና አዝያት ገባሁ። ቆማ የሄደችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ከአንዷ ወደ አንዷ እያሻገሩ አስሄዷት። አባቷ ጥቂት ጊዜ ጠየቀን፤ ከዚያ ወደ መተማ ወርዶ ሌላ አግብቶ በዚያው ቀረ።

ልጅ ግን ከታሰረች እናቱ ጋር የሚቆይበት የዕድሜ ወሰን አለው። ለትምህርት ስትደርስ መውጣት ነበረባት። እናቴ ሞታለች። ወንድሞቼ ከሟች ወገን ጋር ገና አልታረቁም፤ ራሳቸውም ከቤት ወደ እርሻ የሚወጡት እየፈሩ ነው። የት ልላካት? ይህን ሳስብ ክብደቴ ቀነሰ፣ ፀጉሬ ረገፈ።

እስረኛ የሚጠይቅ አንድ ክርስቲያናዊ ማኅበር ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ሳሙና ያመጣሉ፣ የታመመ ያያሉ፣ ጠያቂ የሌለውን ዘመዴ ብለው ያስጠራሉ። ሰው ሲፈታም ሥራ ያፈላልጉለታል፣ ከቤተሰቡ ጋር ያቀራርቡታል፣ ደም ያለበትንም በሽማግሌ ለማስታረቅ ይደክማሉ። አስተባባሪያቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ችግሬን ሲሰሙ ብዙም አልተናገሩም። በሁለተኛው እሑድ ተመልሰው መጡ።

«ሞጣ አንዲት አባላችን አሉ። ዳቦ ቤት አላቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። እስክትፈቺ ድረስ ልጅሽን እንደ ልጃቸው ያሳድጉልሻል» አሉኝ።

«እንደ ልጃቸው» የሚለው ቃል ያኔ አልከበደኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር የቃጣኝ።

ሴትዮዋ ራሳቸው መጡ። ወፈር ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያጣፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። በጨርቅ የጠቀለሉትን ዳቦ ፈቱና ቆርሰው ለልጄ ሰጧት። ልጄ ከደረቅ እንጀራ በቀር አታውቅም ነበር። አሸተተችው፣ ጎረሰችው፣ ከዚያ ሳይጠሯት ሄዳ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች።

ቅናቱ የጀመረኝ ያን ቀን ነው። አፌ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፣ ዓይኔ ግን ጭናቸው ላይ ያለችውን ልጅ ያያል። ወደ ሰው ጭን እንደዚያ በቀላሉ የምትሄድ ልጅ አልነበረችም።

በየጥቂት ወሩ ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። ከሞጣ ተነስተው በግንደወይን፣ በደብረ ወርቅ አድርገው ቢቸና እስኪደርሱ መንገዱ አቧራ ነው፤ ልጄ ቅንድቧ ነጥቶ ትደርሳለች። መጀመሪያ ላይ ስንለያይ ታለቅስ ነበር። እንዳታለቅስ እጸልይ ነበር። ማልቀሱን ስትተው ግን ጸሎቴ የሰመረልኝ አልመሰለኝም። ከዚያ መንገድ የተዘጋባቸው ወራት መጡ፤ መኪናም ስልክም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስትመጣ የፊት ጥርሶቿ ተነቅለው አዲስ በቅለዋል። ከሴትዮዋ ቀሚስ ጀርባ ሆና አየችኝ። «እናትሽ ናት እኮ፣ ሂጂ ሳሚያት» አሏት። ታዛ ሳመችኝ።

አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች «አንቺ የታደልሽ ነሽ፤ የእኛ ልጆች በየት እንዳደሩ እንኳ አናውቅም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እነሱ በእኔ ይቀናሉ፣ እኔ በሴትዮዋ እቀናለሁ። ማታ ማታ ጸሎት ስናደርስ ስማቸውን ከማኅበሩ ሰዎች ጋር አንስቼ እድሜ ስጣቸው እላለሁ፤ ከንፈሬ ላይ ብቻ የሚቀር ልመና ነበር።

የተፈታሁ ጊዜ መምህሩ በር ላይ ጠበቁኝ። ወደ ቀዬዬ መመለስ አልችልም፤ ሽማግሌዎች ገና እየተመላለሱ ነው። ማኅበሩ መክሮ ሞጣ እንድቀመጥ ወስኗል። በዚያው ዳቦ ቤት እሠራለሁ፣ ከጀርባው ባለችው ክፍል አድራለሁ።

«እንጀራሽም ልጅሽም አንድ ቦታ ሆኑልሽ» አሉኝ መምህሩ፤ በቅንነት ነው ያሉት። ደግ ሰው ደግ ነገር ሲያደርግልህ የት ላይ እንደሚያምህ አያውቅም።

ዳቦ መጋገር ከእሳቸው ተማርኩ። ውሃው ምን ያህል ለብ ማለት እንዳለበት፣ ሊጡ ኩፍ ሲል በጣት ተነክቶ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እሳቱ መቼ እንደሚጎተት አሳዩኝ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። የታሰርኩበትንም ነገር አንስተው አያውቁም። ደንበኞቹ መጥተው «ልጅዎት እንዴት አደገች» ይሏቸዋል። «ልጇ ናት» ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ ያሳያሉ። ሰዎቹ እኔን አይተው ወዲያው ዳቦ ይቆጥራሉ።

ልጄ የምትተኛው እሳቸው ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሳቸው ነው። መጽሐፏን አውጥታ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን ስትሳሳት ያውቃሉ። «ቆይ፣ እሱን ድገሚው» ይሏታል። እንዴት እንደሚያውቁ አልገባኝም። ስታስል ምድጃው ጋ ሆነው «ይኼ የብርድ ነው፣ ትናንት ሹራቧን ሳትለብስ ወጥታ» ይላሉ። እኔ ሳልን ከሳል መለየት አልቻልኩም። በየት በኩል ልወቀው?

በአፌ «እትዬ፣ ምን ላግዝዎት?» እላቸዋለሁ። በሆዴ ግን አንቺ፣ አንቺ እያልኩ እሰድባቸዋለሁ። አንቺ ሌባ፣ በፈቃድ የሰረቅሽ ሌባ። ሊጡን ስመታው ክንዴ አይደክምም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሴትዮዋ ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ለልጄ ምሳ ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። እናቴ ለእኔ ትሠራልኝ የነበረውን ሽሮ፣ ቃሪያውን አብዝቼ፣ ቅቤ ጠብ አድርጌ አቀረብኩላት። እሷ ስትበላ እያየሁ ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው በላች። «በጣም ይጣፍጣል፣ እጅዎትን ይባርክልዎት» አለችኝ። ያን ቀን ከታሰርኩ ጀምሮ ያልተሰማኝ ደስታ ተሰማኝ። ሴትዮዋ ሲመለሱ ልጄ ጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ ታስመልሳለች። ግንባሯን ይዘው አጠቧት፣ አስተኟት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው በቀስታ ነገሩኝ።

«ቃሪያ አይስማማትም፣ እኔ ቤት ከመጣች ጀምሮ። ለትሕትና ብላ ነው የበላችው። እኔ መንገር ነበረብኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ይቅርታ መጠየቃቸው ነው ያቃጠለኝ። «ምነው እናት ሆነሽ ይህን አታውቂም» ቢሉኝ መልስ ነበረኝ። ለይቅርታ ምን መልስ አለ? ጓሮ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። የሚያስፈልገው እንጨት ተፈልጦ አልቋል፤ እኔ ግን ፈለጥኩ።

መምህሩ ለማኅበሩ ጉዳይ ሞጣ መጥተው ነበርና በማግስቱ ፍለጋቸው ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«ልጄን ይዤ ለብቻዬ መኖር እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«በደሉሽ?»

«አልበደሉኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ቀናሁ» ማለት አቃተኝ። እዚያ የመጣሁት እንደ ተበዳይ ሆኜ ነበር። መምህሩ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ልጅሽ ናት። ማንም አይከለክልሽም። ማኅበሩም ያሳደጋት ለአንቺ ነው» አሉኝ። «እንዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ችግኝ ሲነቅሉ ሥሩን ከነአፈሩ ነው። አራግፈሽ አትንቀያት።»

ምክራቸውን ሰማሁ፤ አልያዝኩትም። ማኅበሩ መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ተከራየልኝ፣ ዳቦ እየጋገርኩ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅም አዘጋጁልኝ። ለሴትዮዋ ስነግራቸው የምድጃውን በር እየዘጉ ነበር።

«ልጅሽ ናት» አሉ። ገብተው ልብሷን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመሩ። ቀሚሷን፣ የትምህርት ቤት ሸሚዟን፣ ካልሲዋን በጥንድ በጥንዱ። ስንት ቀን ሙሉ ለጠብ የተዘጋጀሁት ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። ልጄ ቆማ ሁለታችንንም ታያለች። አላለቀሰችም። «ልሂድ እማ?» አለች፤ «ሂጂ» አሏት።

አዲሱ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሆነችብኝ። እስክበላ ትጠብቀኛለች፣ ስቀመጥ ትነሳለች። «አልጋው ላይ ይተኙ፣ እኔ መሬት ይበቃኛል» ትለኛለች። «እኔ እናትሽ ነኝ፣ አንቺ በይኝ» አልኳት አንድ ቀን። «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ስቄ ነበር ያለፍኩት፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ እንደምትሄድ ደረስኩበት። ከለከልኳት። «በቀጥታ ወደ እኔ ነው» አልኳት። «እሺ» አለች። በሳምንቱ ሰዓቷ ቢያልፍብኝ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ከመጋገሪያው ጠረጴዛ ጎን ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ፣ እየሳቀች አገኘኋት። እኔ ጋ ስትስቅ ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች። እዚያ ግን አፏን ከፍታ ነበር የምትስቀው።

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ደንበኞች ቆመዋል። ሴትዮዋ «ቀስ በይ» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። መንገድ ላይ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ልጄ ክንዷን አስለቅቃ ቆመች።

«አንቺ ምን አገባሽ!» አለችኝ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ስታመም የት ነበርሽ? ማን ነይ አለሽ? በቃ እዚያው አትቀሪም ነበር?»

ባጃጅ ቆመ፣ ሰው ዞሮ አየን። ፊቷ ቀልቶ፣ የደረቀ ሊጥ የያዘ እጇን ጨብጣ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ቃሉ አንድ በአንድ ገባኝ፤ «እዚያው አትቀሪም ነበር» የሚለው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ግን ከዚያ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። አንቺ ብላኛለች። እንግዳን ማንም እንዲህ አይቆጣም። ልጅ እንዲህ የምትቆጣው የራሷን ሰው ነው። እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ትንሽ ቆይታ መጣችና አጠገቤ ቆመች፤ አልነካችኝም፣ ግን አልሄደችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴትዮዋ ክፍሌ ድረስ መጡ። ከገባሁ ጀምሮ ረግጠውት አያውቁም። ልጄን ወደ ጎረቤት ለእሳት ልከው ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የእግራቸው ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበር።

«እዚህ ቤት ሆና ማንን ትጠራለች?» አሉኝ።

መልስ ከመስጠት ብሞት ይሻለኝ ነበር። «እርስዎን» አልኳቸው። «በእንቅልፏ።»

«እኔ ቤት ሳለች አንቺን ነበር። ትኩሳት ሲይዛት የቢቸናዋን እናቴን አምጡልኝ ትል ነበር፤ እኔ እላይዋ ላይ ቆሜ። ልጅቱ የሌለችውን ነው የምትጠራው። ሁለታችንም ስንኖርላት ማንንም አትጠራም።»

 እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ ቀጠሉ።

«አንቺ እንድትፈቺ ስለት ተስዬ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። መምህሩ ተፈታች ብለው ሲደውሉ እልል አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የደስታ አልነበረም። እቀናብሻለሁ። ስትስቅ አፏ የአንቺ ነው። አሥር ዓመት ባሳድጋት ያን አፍ ከየት አመጣዋለሁ?»

«እኔም እቀናብዎታለሁ» አልኳቸው። ለመምህሩ ያቃተኝ ቃል ለእሳቸው ወጣ።

«አውቃለሁ። ሊጡን ስትመቺው ያስታውቅ ነበር» አሉኝ። «ዳቦዬ እንደዚያን ሰሞን አምሮ አያውቅም።»

ሳቅን። ልጄ ፍም ይዛ ስትመጣ ሁለታችንም ስንስቅ አግኝታን በሩ ላይ ቆመች፤ ግራ ገባት።

ከዚያ ወዲያ ምሳዋን እሳቸው ጋ ትበላለች፣ እኔ ጋ ታድራለች። እሳቸውን እየጠየቅኩ ተማርኩ፤ ሌሊት የሚያስፈራትን፣ የጠላችውን ትምህርት፣ ስትዋሽ ጆሮዋን እንደምትነካ። ስጠይቃቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወጋኛል፤ ግን እጠይቃለሁ። የልጄ አነጋገር ለብዙ ጊዜ ተደበላለቀ። «አንቱ» ብላ ትጀምርና መሀል ላይ «አንቺ» ትላለች። ስትናደድ አንቺ ነኝ፣ ስትለምነኝ አንቱ። እያደር አንቺው በረታ። የሟች ወገኖችም በሽማግሌና በማኅበሩ ድካም እርቁን ተቀበሉ፤ እኔ ግን ወደ ቀዬዬ አልተመለስኩም። ልጄ የሞጣ ልጅ ናት።

ሴትዮዋ እግራቸው እየባሰ ሄደና ትልቁ ልጃቸው ባሕር ዳር ወሰዳቸው። ዳቦ ቤቱን ለማኅበሩ ሰጡ፤ ማኅበሩም ከእኔ በኋላ ከተፈቱ ሁለት ሴቶች ጋር አብረን እንድንሠራበት አደረገ። የሄዱ ዕለት «አሁንስ ልጄ የእኔ ብቻ ሆነች» ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ደስታ አልመጣም። ልጄ ለሳምንት ያህል እህል አልቀመሰችም፤ እኔም ምድጃው ጋ ቆሜ «እትዬ፣ ይህ በስሏል?» ልል ዞር እላለሁ፤ ባዶ ነው።

አሁን ትምህርት ሲዘጋ ባሕር ዳር ትሄዳለች። ባለፈው ክረምት መናኸሪያ ወስጄ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባኋት። አድጋለች፤ በቁመት ደርሳብኛለች። ለሴትዮዋ የጋገርኩትን ዳቦ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በመስኮት በኩል ቦታ ይዛ፣ ገና መኪናው ሳይነሳ ፊቷ ወደ ባሕር ዳር ዞሯል። ከእኔ ጋር ሆና እንደዚያ የሚያበራ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ወይም ያየሁ አልመሰለኝም።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ጠየቀኝ፤ «ብቻዋን ናት? እዚያ ማን ይቀበላታል?»

«እናቷ» አልኩት።

ወጣቱ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺስ ምኗ ነሽ?»

«እኔም እናቷ ነኝ።»

ትከሻውን ነቅንቆ በሩን ዘጋ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። «እናቷ» የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም፤ ከወጣ በኋላ ግን መልሼ ልውጠው ቃጣኝ። እዚያው ጥቂት ቆምኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሊጡ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር።